የተረካቢው ፊርማ

ሠላሳ አንድ ዓመት ደመወዝ የበላሁት ሰው ባለማመን ነው። የባንክ ፊርማ አመሳካሪ ነበርኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ እላለሁ፤ ገንዘብ ከፋዩ ቼክ ያቀብለኛል፤ የደንበኛውን ናሙና ፊርማ ከመሳቢያ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀምጥና «ይሄ ሰው ራሱ ነው ወይስ ሌላው እሱን መስሎ?» እላለሁ። ሰው ፊቱን ማሳመር፣ ምላሱን ማለስለስ ይችላል፤ እጅ ግን አይችልበትም፤ አንድ ቦታ ላይ ያመልጠዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ጠርጥሬ፣ ጠርጥሬ ጡረታ ወጣሁ። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ፣ መስታወት ፊት ስቆም ራሴን መታወቂያ እንደምጠይቅ ለሰው ሁሉ ትናገር ነበር።

አክስቴም የመረጡኝ ለዚሁ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ልርዳዎት የሚላቸውን ሁሉ እየተቆጡ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ እሑድ አስጠሩኝና አባታቸውን እንዳፈላልግላቸው ጠየቁኝ።

አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ለውጭ አገር ጦር ተቀጥሮ የሄደ ወታደር ነው። ያኔ መልማዮች ገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ቁመት እየለኩ፣ ጥርስ እያዩ ጎረምሳ ይሰበስቡ ነበር፤ በማያውቀው ቋንቋ እየታዘዘ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚዋጋላቸው ጎረምሳ። «ቅጥረኛ» የሚለው ቃል በቤታችን ተነግሮ አያውቅም፤ «ውጭ አገር ያገለገለ» ነው የምንለው። ሲሄድ አባቴ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አክስቴ ደግሞ ገና በእናታቸው ሆድ ውስጥ። በአራተኛው ዓመት አንድ ጓደኛው ተመልሶ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ተመትቶ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ተለቀሰ። በዓመቱ ሚስቱ፣ ሴት አያቴ፣ የሰፈሩን ጫማ ሰፊ አገባች። አክስቴም «አባባ» ብለው ያደጉት ጫማ ሰፊውን ነው። (ወንድ አያቴን «እሱ» የምለው ንቄው አይደለም። በወሬ የማውቀው ሰው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ እኔ ደግሞ ስድሳ ስድስት ሞላኝ። ልጄ ይሆን ነበር።)

«ፊቱን አላየሁም፤ ፎቶ የለው፣ መቃብር የለው» አሉ አክስቴ። «ሰው ከምንም ይወለዳል እንዴ? የት እንደተኛ ሳላውቅ እንዳልሞት። አንተ የሰጡህን ሁሉ አትቀበልም፤ ለዚህ ነው የጠራሁህ።»

አባቴ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ የእጅ ጽሕፈት መምህር ነበሩ፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ምሳ ላይ የአክስቴን ጥያቄ ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡና የሞተ ሰው አድራሻ የለውም ብለው ነገሩን ዘጉት። ግን አልዘጉትም። ቆይተው መዝገቡ የትኛው ቢሮ እንዳለ ጠየቁ። ቆይተው ደግሞ ምን ምን ዓይነት ወረቀት ያስቀምጣሉ አሉ። ማታ ላይ መልሱ በፖስታ ነው ወይስ ሄደህ ነው የምትቀበለው አሉኝ። ተወው ለሚል ሰው ጥያቄያቸው በዛብኝ። እኔ በሥራዬ የማውቀው፣ ንጹሕ ሰው ፈርሞ ዝም እንደሚል ነው።

ያ ጦር ከፈረሰ ቆይቷል፤ የቅጥረኞቹ መዝገብ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ ተቀምጧል። ማመልከቻ ጻፍኩ። የመዝገቡን ቅጂ በሪኮማንዴ፣ ተፈርሞ በሚወሰድ ፖስታ፣ እንልካለን አሉኝ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። ስደውል የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ከወር በፊት ተልኳል፣ ተፈርሞም ተወስዷል አለችኝ። በድምጿ ውስጥ ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ስለዚህ ፖስተኛውን ጠረጠርኩ። ፖስታ ቤት ሄጄ ጉድ ሳፈላ ፖስተኛው አኮረፈ፤ በፀሐይ በዝናብ ደረጃችሁን የምወጣ ሰው ሌባ ልባል ነው ወይ ብሎ የመረከቢያውን ደብተር አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው።

ፊርማው የአባቴ ነበር። የመጨረሻዋን ፊደል እግር ወደ ግራ ይመልሷታል፤ በስማቸው ሥር እስከ መጀመሪያው ድረስ ይጎትቷታል፤ ጫፏ ላይ ሲደርሱ ክር እንደሚበጥስ ሰው በአጭር ሰረዝ ይቆርጧታል። በትምህርት ቤት የውጤት ካርዴ ላይ ዓመት በዓመት ያየሁት ነው። ፖስተኛውን ይቅርታ ጠይቄ ፊርማውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ልማድ ነው።

ቤት ገብቼ አላፈጠጥኩባቸውም። ጋዜጣ ሲያነቡ ጎናቸው ተቀመጥኩና እንደ ዋዛ፣ ሰሞኑን ፖስታ መጥቶ ነበር እንዴ አልኳቸው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አሉ፣ ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ እርሳስ ሰብሬ አልሰበርኩም ስላልኩ ሳምንት ሙሉ ያላናገሩኝ አባት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ ሰላይ ሆንኩ። ክፍላቸውን ዘግተው ሲቀመጡ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ ሲወጡ ኮታቸው አብጧል አላበጠም ብዬ አያለሁ። ማታ ማታ የማላስበው ነገር የለም። ቅጥረኛ ወታደር ነው፤ የሰው መንደር አቃጥሎ ይሆን? ከድቶ ተረሽኖ ይሆን? አባቴ የእሱ ልጅ ባይሆኑስ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ነገር አለ። በዘጠና ሁለት ዓመቱ ሰው ፖስታ የሚሰርቀው ምን ቢደብቅ ነው?

በሳምንቱ መዝገብ ቤቱ ሄድኩ።

ሠራተኛዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እንደኔው ሰው የማታምን ሴት ናት፤ ወዲያው ወደድኳት። እስክሪብቶዬን ቀማችኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ ከዚያ ካርቶኑን አመጣች። መዝገቡ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ እሷ ጣቷን እያስኬደች ታነብልኛለች። ቁመት፣ የደረት ስፋት፣ ጥርስ ሙሉ። ጫማ ተረክቧል፣ የአውራ ጣት አሻራ። ብርድ ልብስ ተረክቧል፣ አሻራ። አራተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። ወንዝ ማሻገሪያ ላይ ቆስሏል፣ ሆስፒታል ገብቷል አለች፤ ገጹን ገለጠች፤ ድኗል አለች።

«አልሞተም?»

«ገና ነው» አለች። «ውሉን ጨርሶ በስምንተኛው ዓመት ተሰናብቷል።»

ከዚያ አንድ ልዩ ቅጽ አወጣች። ያ ጦር የተሰናበተን ወታደር በር ድረስ የማድረስ ግዴታ ነበረበት አለችኝ። መንገድ ላይ የሚገደል አለ፤ በሌላ ሰው ስም ተይዞ ለሌላ ክፍለ ጦር የሚሸጥም አለ። ስለዚህ አንድ አሥር አለቃ አብሮ ይላካል፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርማል። ፊርማው ከሌለ ጦሩ ከኃላፊነት አይወጣም።

«ሰውን እንደ ዕቃ» አልኩ።

«ዕቃ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ዕቃ ባለቤት አያጣም» አለችና ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው።

ተረካቢ በሚለው ቦታ ላይ፣ በእኛው ቋንቋ፣ በልጅ እጅ፣ ግን ጥንቅቅ ባለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ይህን ሰው በዚህ ቤት የሚያውቀው የለም። እኔ ጎረቤት ነኝ።» ሥሩ ላይ ሰምቼው የማላውቀው ስም። የመጨረሻዋ ፊደል እግር ወደ ግራ ተመልሳ፣ ከስሙ ሥር ተጎትታ፣ ጫፏ ላይ በአጭር ሰረዝ ተቆርጣለች።

ባንክ ቤት አንድ ሕግ ነበረን። የዘመድ ፊርማ ሲመጣ አታመሳክርም፤ አጠገብህ ላለው ታቀብላለህ። ዘመድ ወይ ያዳላል ወይ ይጨክናል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን የማቀብለው ሰው አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ ከፖስተኛው ደብተር ያነሳሁትን ከቅጹ ጎን አስቀመጥኩ። በሁለቱ መካከል ሰባ ዘጠኝ ዓመት አለ። ስሙ ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ሌላ ነው፤ እጁ ግን አንድ ነው። ናሙናውን ራሳቸው አባቴ ናቸው ያቀበሉኝ። ፖስታውን ባይደብቁ ኖሮ ያ ሰረዝ የማንም ሰረዝ ሆኖ ያልፈኝ ነበር።

ሠራተኛዋ የቀረውን አነበበችልኝ። አሥር አለቃው ሰውየውን ይዞት ወደ ጦር ሰፈሩ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ለሌላ ሦስት ዓመት ፈረመ። በሁለተኛው ዓመት በንዳድ ሞተ። መቃብሩ ረድፍ አሥራ አንድ፣ ቁጥር አርባ። ጻፈው ብላ እርሳስ ሰጠችኝ፤ ዓይኔን ከፊርማው ላይ ስላላነሳሁ እሷው ጻፈችልኝ።

አባቴ መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። በሩን ዘጋሁና ተረካቢው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ አልኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ከአሮጌ የተማሪ ደብተሮች ሥር ፖስታውን አወጡ። እንደታሸገ ነበር። አልከፈቱትም።

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉ። «እናቴም ጫማ ሰፊውም ሥራ ላይ ናቸው። በሩ ተንኳኳ። ሁለት ወታደሮች ናቸው። ገና ሳየው አውቄዋለሁ። ረሳሁት ብዬ ነበር፤ ግን አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱን አንድ ጊዜ አለቀስኩለት እኮ። ጫማ ሰፊው ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ ሲመሽ መብራት ይዞ ያስጠናኛል። ይሄ ሰው ሲገባ ጫማ ሰፊው ይወጣል። ያን ብቻ ነው ያሰብኩት። አላውቀውም አልኩ። እሱ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ በር ሥር ያለውን የወንድ ጫማ አየ። ለአሥር አለቃው 'ቤቱ ይሄ አይደለም፤ ተሳስቻለሁ' አለው። ሌላ ቃል አልተናገረም። አሥር አለቃው ግን ያለ ፊርማ አልሄድም አለ። ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ጻፍኩ።»

ቆሽቴ አርሮ ነበር የገባሁት። ያን ስሰማ ማንን እንደምቆጣ ጠፋኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ የዚህ ልጅ ግን ሦስት ትውልድ በልቶታል። በዚያው ሳምንት መልሶ እንደተቀጠረ፣ በሁለት ዓመቱ እንደሞተ ነገርኳቸው።

«ሌላ አገር ቤት ሠርቷል ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሚስት አግብቶ። አርጅቶ ነው የሞተው ብዬ፣ ስንት ዓመት፣ ከዕድሜዬ ጋር ዕድሜውን ስቆጥርለት ነበር።» አላለቀሱም። ፖስታውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲደባብሱት አንጀቴን በሉኝ።

ከዚያ ለእህታቸው የመቃብሩን ቁጥር ብቻ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። የጠየቀችህ እሱን ነው፣ ይበቃታል አሉ። እኔም ለአፍታ አሰብኩበት። ግን አክስቴ ከመቃብሩ ቁጥር ጎን ዓመተ ምሕረቱን እንደሚያዩ፣ አባታቸው የሞተው እሳቸው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው እንደሆነ እንደሚያሰሉ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቅሁ ያሳለፍኩት ነገር የለም። «እስከ ቅዳሜ እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ጨካኝ ንግግር ነበር፤ አልመለስኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮታቸውን ለበሱ። ሁለቱን ፎቅ ክንዴን ይዘው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ወጡ። አክስቴ ወንድማቸውን እዚያ ደረጃ ላይ ካዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እየመጡ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አክስቴ ነበሩ። «ጋሼ፣ ምነው በደህና ነው?» ብለው ተነሡ። አባቴ ሳይቀመጡ ሁሉንም ተናገሩ። ምንም አላስቀሩም፤ በር ሥር ያለውን ጫማ እንኳ አላስቀሩም። እሱ የተናገረው ያቺኑ አንዲት ነገር ብቻ እንደነበር ሁለት ጊዜ ደገሙት። ጨርሰው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆሙ።

አክስቴ ይጮሃሉ ብዬ ነበር። ቢወድቁ ልይዛቸው የምችለውን ያህል ተጠግቼ ነበር የቆምኩት። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «እኔ የት ነበርኩ?» አሉ።

«ጓዳ ውስጥ። ትኩሳት ይዞሽ ተኝተሽ።»

«ከግድግዳው ወዲያ።»

«አዎ።»

አክስቴ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ «ረጅም ነበር?» አሉ። አባቴ ከበሩ መቃን ትንሽ ዝቅ ይላል አሉ። ምን ለብሶ ነበር? ግራጫ ካፖርት። ጢም ነበረው? የተላጨ። እጁስ? አባቴ እጁን አላየሁም አሉ። አክስቴ አንዱን ጥያቄ ሲጨርሱ ሌላ ያመጣሉ፤ ድምፃቸው ደረቅ ነው፤ «ጋሼ» አላሉም፤ ወንበርም አልሰጧቸውም። በመጨረሻ «ያየው ሰው ከአንተ በቀር ማንም በሕይወት የለም» አሉ። «አሁን ሂድ። ነገ ተመልሰህ ና፤ ያልጠየቅኩህ አለ።»

አባቴ በማግሥቱ ሄዱ። በማግሥቱም። ደረጃው እየገደላቸው እንደሆነ ብነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ እወጣለሁ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ተሰጣቸው። እኔ ደግሞ ጠባዬ አልተወኝምና እጽፋለሁ፤ በልቤ ማለቴ ነው። እሑድ ዕለት ጫማው ጥቁር ነበር፤ ማክሰኞ ቡናማ ሆነ። ሰኞ ፊቱ የተላጨ ነው፤ ረቡዕ ቀጭን ጢም አበቀለ፤ አክስቴ ልጅ ሳሉ ጢም ያለው ሰው ይወዱ ነበር። ግራጫው ካፖርት አዝራር አወጣ። የአባቴ ትዝታ ከቅዳሜ ወዲያ አልቋል፤ የቀረውን እየሠሩት ነው። እህታቸው በራቸውን እንዳይዘጉባቸው ፈርተው ይሁን፣ ወይም ያስወጡትን ሰው ቁራጭ በቁራጭ መልሰው እያስገቡት ይሁን አላውቅም። ልናገር ብዬ ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ።

ሐሙስ ዕለት አክስቴ እንደ ሌላው ቀን ወዲያው አልጠየቁም። የቀሚሳቸውን ጫፍ አጣጠፉ፣ ዘረጉ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«ስለ እኔ ጠይቆ ነበር?»

አባቴ አቀረቀሩ።

«ጠይቋል» አሉ። «አሥር አለቃው ወረቀቱን ሲያጣጥፍ ወደ እኔ ጠጋ አለና 'ስሄድ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ምን ተወለደ?' አለኝ። ሴት ናት አልኩት። ጓዳ ተኝታለች አልኩት።»

ሐሰት ነው። አላውቀውም ያለ፣ ጎረቤት ነኝ ብሎ የፈረመ ልጅ እንዲህ ብሎ አይመልስም። ደግሞም ሰውየው ከአንዲት ቃል በቀር እንዳልተናገረ አባቴ ለእኔም ለእሳቸውም ነግረውናል። ይህን ለማወቅ ባንክ ቤት መሥራት አያስፈልግም።

አክስቴ ከተቀመጡበት ዞረው አዩኝ። የአባታቸውን መቃብር ፈልግልኝ ባሉኝ ቀን እንዳዩኝ አይደለም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ግን አይፈስም።

«አንተ ሠላሳ ዓመት ሐሰተኛ ስትይዝ የኖርክ» አሉኝ። «ምን ትላለህ?»

አባቴ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወለሉን ያያሉ።

«ትክክል ነው» አልኩ።

አክስቴ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንበራቸውንም ወደ ወንድማቸው ሳብ አደረጉት።

«እሺ፣ ጋሼ» አሉ። «ሴት ናት ስትለው ምን አለ?»